ከካርቱም ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚሄደው ባቡር

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ለቤተሰብ ዓምዳችን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ ሕፃናቱ በጦር ሰፈሩ ውስጥ በምን ይዋሉ የሚለው ነው። ኳስ ለሁሉም አይመችም፤ የክረምቱም ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን ይነጥቃቸዋል። ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ሆኖ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር እናት ልጆቿ ከማለዳ እስከ ማታ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ተተክለው ሲውሉ ማየት እንደሚከብዳት ደጋግማ ትገልጽልናለች። ለዚህ እትም ያዘጋጀነው ጽሑፍ ከመልሶቹ አንዱን ይዞ ቀርቧል፤ መልሱም ባቡር ነው። ይኸውም በአሮጌ የበር ሳንቃ ላይ የሚዘረጋ፣ ሐሳቡ ከአንድ የምናብ ፊልም የተቀዳ፣ መነሻውን ግን ካርቱም ያደረገ ትንሽ የባቡር መስመር ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንባቢያን «ለገሃር እያለልን ካርቱም ምን ወሰደን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው የጅቡቲ ሐዲድ የራሱ ታሪክ ያለው ነው፤ በእርሱ አምሳል የጠረጴዛ ባቡር ለመሥራት የሚፈልግ ቤተሰብም ከአዋሽ ድልድይ የበለጠ መልክ ያለው ቦታ ለማግኘት ያዳግተዋል። የሱዳንን መስመር የመረጥንበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ባቡር ውሃ ላይ ይሄዳል፤ የሱዳን ባቡር ደግሞ በሰሜን ጫፉ ውሃ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ምናቡና እውነቱ እንዲህ አፍ ለአፍ የገጠሙበት ሌላ ቦታ አላገኘንም።

ፊልሙ የጃፓኑ ሐያኦ ሚያዛኪ በ2001 ለሕዝብ ያቀረበውና በ2003 የኦስካር ሽልማት ያገኘው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ስፒሪትድ አዌይ» የሚባለው የሥዕል ፊልም ነው። ቺሂሮ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ፣ ወላጆቿ ወደ አሳማነት ተለውጠውባት በመናፍስት አገር ብቻዋን ትቀራለች፤ በአንድ ትልቅ የመታጠቢያ ቤት ተቀጥራ እየሠራችም እነርሱን የምታስለቅቅበትን መንገድ ትሻለች። («መናፍስት» የሚለው ቃል የሚያሳስባቸው ወላጆች ይኖራሉ። እነርሱ አስቀድመው ብቻቸውን አይተው ይፍረዱ፤ እኛ ያየንበት ከጥንቆላው ይልቅ ሥራን፣ ቃል መጠበቅንና ለወላጅ መታመንን ነው።) ከፊልሙ ለጉዳያችን የሚያስፈልገን የጥቂት ደቂቃዎች ክፍል ብቻ ነው። የእሳት ቤቱ ሽማግሌ 40 ዓመት ያስቀመጠውን የባቡር ትኬት ለልጅቱ ይሰጣትና ስድስተኛው ጣቢያ ላይ እንድትወርድ ይነግራታል። ባቡሩ ቀድሞ ይመለስ እንደነበረ፣ አሁን ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድም ያስጠነቅቃታል። ዝናብ ምድሩን ሁሉ አጥለቅልቆታል፤ ሐዲዱ ከውሃው በታች ነው። ባቡሩም ውሃውን እየከፈለ መጥቶ ይቆማል። የተሳፈሩት ሰዎች ጓዛቸውን የያዙ ጥላዎች ናቸው፤ ዙሪያቸውን በውሃ በተከበቡ ጣቢያዎች ላይ ይወርዳሉ። ማንም ቃል አይተነፍስም።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የባቡር አምሳያ መሥራት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የቤት ውስጥ ሙያ ነው። ከምናብ ፊልሞች የተቀዱ መስመሮችም ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉ የታወቀው የሃሪ ፖተር ባቡር ሲሆን የእንግሊዙ ሆርንቢ ኩባንያ አምሳያውን ለገበያ አቅርቦታል። ታዲያ ያ የጠንቋዮች ባቡር ሲመረመር ሎኮሞቲቩ በ1937 የተሠራ፣ ቁጥሩ 5972 የሆነ፣ መንገደኛ ሲጎትት የኖረ የእንግሊዝ ባቡር ነው፤ ለፊልሙ ሲባል ቀይ ቀለም ተቀባ እንጂ ሌላ ተአምር አልተጨመረበትም። የሚያልፍበትም ባለ 21 ቅስት የግሌንፊናን ድልድይ በስኮትላንድ ተራሮች መካከል የሚገኝ፣ ዛሬም መንገደኛ የሚያመላልስ የኮንክሪት ድልድይ ነው። የዚያም መስመር ሥራ የተጀመረው እንደ ጅቡቲው ሁሉ በ1897 መሆኑ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ አስማቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቀመጠ፣ የቀረው ሁሉ እውነተኛ ሐዲድ ሆነ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት ይህን በመዘንጋት ነው። ዘንዶውንም፣ ጠንቋይቱንም፣ ቤተ መንግሥቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጭቁታል፤ ውጤቱም የመጫወቻ ሱቅ መስኮት ይሆናል። ስለዚህ እኛ ከፊልሙ ውሃውን ብቻ እንወስዳለን። ሌላውን ሁሉ ከሱዳን ምድር እናመጣዋለን፤ ለዚህም ምድሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

የካርቱም ሐዲድ የጦርነት ልጅ ነው። የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በኪችነር አዛዥነት፣ አባቶቻችን ድርቡሽ በሚሉት የማህዲስቶች ሠራዊት ላይ በ1896 ሲዘምት (ይኸው ሠራዊት አፄ ዮሐንስ አራተኛን በ1889 መተማ ላይ ያጣንበት ነው) ትልቁ ችግር ጠላት ሳይሆን መንገድ ነበር። አባይ ከዋዲ ሐልፋ በላይ በፏፏቴዎች የተቆራረጠ ነው፤ ከዚህም በላይ በታላቅ ቅስት ዞሮ ስለሚመጣ ወንዙን የተከተለ ጦር ስንቁን ጨርሶ ይደርሳል። ኪችነር ቅስቱን ትቶ ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ በቀጥታ እንዲቆረጥ አዘዘ። ሥራውን የመራው ፐርሲ ጂሩዋር የተባለ፣ በካናዳ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠነ፣ ዕድሜው ገና 30 የሆነ መኮንን ነበር። ሥራው በጃንዋሪ 1897 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን ሐዲዱ አቡ ሐመድ ገባ። በ1898 አጋማሽ አትባራ፣ በ1899 ማለቂያ ደግሞ ከካርቱም ፊት ለፊት ከጥቁር አባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ደረሰ።

ይህን የምንዘረዝረው ወራሪን ለማወደስ አይደለም። የኸሊፋው ጦር በሴፕቴምበር 1898 ካራሪ ሜዳ ላይ በመትረየስ ፊት ያሳየው ጀግንነት ማንም የማይክደው ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ጦርነቱ የተቆረጠው ካራሪ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው የስንቅ ባቡር አቡ ሐመድ በገባበት ዕለት ነው። ስንቅና ትጥቅ የማድረስን ሙያ የተማረ ወታደር ለልጁ የሚነግረው አንድ የጦር ታሪክ ቢኖር ይህ በተሻለ ነበር።

በረሃው ውስጥ ሰው ስለማይኖር ለጣቢያዎቹ ስም የሚያወጣ አልተገኘም። በመሆኑም ከዋዲ ሐልፋ ጀምሮ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እየተባለ እስከ ቁጥር 10 ይሄዳል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከሰው ይልቅ ውሃ ይጠማዋል፤ ባቡሩ ለራሱ የሚጠጣውን ውሃ ራሱ መጎተት ነበረበት። የጉድጓድ ውሃ የተገኘው በቁጥር 4 እና በቁጥር 6 ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንባቢያን የጃፓኑን ፊልም ያስታውሱ፤ ልጅቱ እንድትወርድ የታዘዘችው ስድስተኛው ጣቢያ ላይ ነበር። ሚያዛኪ የኑቢያን በረሃ አስቦ ነው ለማለት አይቻልም። ለእኛ ሥራ ግን ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይገኝም፤ በውሃ የተከበበው ስድስተኛ ጣቢያና ውሃ የተገኘበት ስድስተኛ ጣቢያ በአንድ ሳንቃ ላይ ይገናኛሉ።

የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1067 ሚሊ ሜትር ነው። የደቡብ አፍሪካ ሐዲድ ስፋትም ይኸው ነበርና ጂሩዋር ለዚያ ታዝዘው የነበሩ ሎኮሞቲቮችን ተውሶ ለመጠቀም ችሏል። የእኛው አሮጌ መስመር 1000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1435 ነው። 1067 የሚለውን ቁጥር አንባቢያን በወረቀት ይዘው ይቆዩልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ካርቱም ራሷ ከሐዲዱ ጋር የተገናኘችው በድልድይ ነው። ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይን ወርዶ፣ የጎጃምን ገደል ዞሮ የሚሄደው የእኛው ወንዝ ካርቱም ሲደርስ ከነጭ አባይ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አንድ የብረት ድልድይ በላዩ ያልፋል። ሥራው በ1907 የተጀመረው ይህ ድልድይ ባቡሩንም፣ መኪናውንም፣ እግረኛውንም አንድ ላይ እንዲያሳልፍ የታቀደ ነበር። ሰሜን ካርቱምን አልፎ ሐዲዱ ወደ አትባራ ይሄዳል፤ አትባራም የባቡሩ ዋና መሥሪያ ቤትና የጥገና ሥራ ማዕከል በመሆኗ ሱዳናውያን የብረትና የእሳት ከተማ ይሏታል።

አሁን ወደ ውሃው ደረስን። ግብፅ አስዋን ላይ ታላቁን ግድብ ስትሠራ ወደ ኋላ የሚተኛው ውሃ የኑቢያን ምድር እንደሚውጥ ታወቀ። በሱዳን በኩል ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ የዋዲ ሐልፋ ከተማና በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች ነዋሪዎች፣ ቀያቸውን እንዲለቁ ተወሰነ። ያጓጓዛቸውም ባቡሩ ነበር። ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ ቤተሰቦች ከነጓዛቸው ተጭነው፣ ያንን ባለ ቁጥር በረሃ አቋርጠው፣ በአትባራና በከሰላ ዞረው ኻሽም ኤል ጊርባ ወረዱ። ቦታው ያለው በአትባራ ወንዝ ላይ ነው፤ ይህም ከጎንደር በኩል የሚወርድ፣ ተከዜም ሰቲት ተብሎ የሚገባበት ወንዝ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከአባይ ዳር የኖሩ ሰዎች ከእኛ ደጋ የሚመጣ ሌላ ውሃ ዳር ሰፈሩ። ሥራውን በበላይነት የመሩት የአውራጃው ሹም ሐሰን ደፈላህ ያዩትን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፈው በ1975 አሳትመውታል። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ግን አንለቅም ብለው ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ጎጇቸውን ወደ ላይ እያሸሹ ከሐይቁ ዳር ቀሩ፤ የዛሬዪቱ ዋዲ ሐልፋ የተሠራችው በእነርሱ ጽናት ነው። አሮጌው ከተማና አሮጌው ጣቢያ ከውሃው በታች ቀርተዋል። ከውሃ በታች ያለ ሐዲድ እንግዲህ በሱዳን የፊልም ነገር አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። የግብፅ ሐዲድ ከሰሜን መጥቶ አስዋን ላይ ይቆማል፤ የሱዳን ሐዲድ ከደቡብ መጥቶ ዋዲ ሐልፋ ላይ ይቆማል። በመካከላቸው ያለው ሐይቅ ነው፤ ከሐይቁም በፊት ወንዝ ነበር። ሁለቱን ያገናኘ ሐዲድ ኖሮ አያውቅም። ቢኖርም የግብፁ ስፋት 1435 ስለሆነ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። የጃፓኑን ባቡር የምናስገባበት ቦታ ይኸው ክፍተት ነው። ባቡራችን ከካርቱም እስከ ዋዲ ሐልፋ እንደ ማንኛውም የሱዳን ባቡር ይሄዳል። ከዋዲ ሐልፋ በኋላ መቆም ሲገባው ውሃው ላይ ይቀጥላል።

ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ በር ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለጥ ያለ፣ የማይጎብጥ፣ ቅናሽ ዋጋ ያለው መደብ ነው። በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይጋደማል፤ ማታም ከግድግዳ ላይ ይቆማል። በገበያ የሚገኘው የመጫወቻ ባቡር የተለያየ ስፋት ስላለው አስቀድሞ በሐዲዱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር መለካት ያስፈልጋል። አሁን 1067ን በዚያ ልኬት ማካፈል ነው። ርቀቱ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 89 ያህል ይመጣል፤ ይህ ማለት የምንሠራው ዓለም ከእውነተኛው 89 ጊዜ ያንሳል። 16.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 65 ያህል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በመጀመሪያው 19 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 26 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስሌቱን ልጆቹ ይሥሩት፤ በር፣ መስኮት፣ ዛፍ፣ ሁሉም በዚሁ ቁጥር ይካፈል። ትክክለኛ ስሌት ያልገባበት የምናብ ዓለም ዓይን አይቀበለውም።

እዚህ ላይ ስሌቱ ራሱ አንድ ችግር ይፈጥራል። ያ 370 ኪሎ ሜትር በረሃ ለ89 ሲካፈል ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በራችን ደግሞ 2 ሜትር ነው። መፍትሔው መምረጥ ነው። አሥሩን ጣቢያ ለማስገባት መሞከር አያስፈልግም፤ ቁጥር 6 ብቻውን ይቁም፣ ከግራም ከቀኝም ባዶ አሸዋ ይተውለት። ባዶነቱ ሌሎቹን ዘጠኝ ይናገርላቸዋል። ድልድዩም ከነሙሉ ርዝመቱ አይገባም፤ አንድ የብረት ማገር ክፍል ብቻ በግራ ጫፍ ይሠራል። ማገሩ በሦስት ማዕዘን የተጋጠሙ የካርቶን ቁራጮች ናቸው፤ ግራጫ ቀለም ተቀብተው፣ በቀጭን እስክሪብቶ ምስማሮቹ ይነጠቡባቸዋል። ከድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ሰማያዊ እንዳይሆን እናሳስባለን። ክረምት ላይ ካርቱም የሚደርሰው አባይ የኢትዮጵያን አፈር ተሸክሞ ነውና ቡናማ ይቀባ። ይህን ለልጆቹ ማስረዳት ለአባት አያቅተውም።

ሐዲዱ ክብ ሆኖ በበሩ ዙሪያ ይዞራል። የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ መታጠፊያ ብዙውን ጊዜ 31 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ስላለው በ80 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ ከሁለቱም ጠርዝ 9 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። የመታጠፊያው ራዲየስ 36 ከሆነ የሚተርፈው 4 ብቻ ነውና ባቡሩ እንዳይወድቅ በጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ ይመታል። ከዚያ በበሩ ርዝመት፣ ከመሐሉ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን እንደ ግድግዳ ይቆማል። ይህ ግድግዳ የዕቅዱ ሁሉ ቁልፍ ነው። ከፊት የሚቀመጠው ተመልካች የሚያየው ባቡሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ ነው፤ የሚመለስበት ግማሽ ከግድግዳው በስተጀርባ ተሸሽጓል። ግራው መታጠፊያ በካርቱም ቤቶችና በኒም ዛፎች፣ ቀኙ ደግሞ በጥቁር የድንጋይ ኮረብታ ይሸፈናል። በፊልሙ እንደተነገረው ባቡሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ይመስላል።

በግድግዳው ላይ ሰማይ ይሣላል። በካርቱም በኩል ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል የሚያመጣው ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን፤ ወደ ቀኝ እየሳሳ ሄዶ ውሃው ላይ ሲደርስ ጥርት ያለ የማለዳ ሰማያዊ ይሁን። ድንበር አያስፈልገውም፤ በእርጥብ ጨርቅ እየታሸ አንዱ ወደ ሌላው ይግባ።

አሸዋውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እውነተኛ አሸዋ ልቅ ሆኖ እንዳይበተን፤ ወደ ሎኮሞቲቩ ጥርሶች ገብቶ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የተነፋ ሰጋቱራ በቢጫና በቡናማ ቀለም ነክሮ፣ አድርቆ፣ ኮላ በተቀባ መደብ ላይ መነስነስ ይሻላል። ኮላው ሲደርቅ ያልያዘው በብሩሽ ይጠረጋል።

ከሁሉ የሚያደክመው ውሃው ነው፤ ከሁሉ የሚያስደስተውም እርሱ ነው። እውነተኛ ውሃ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሐዲዱን ያዝገዋል፣ ኤሌክትሪኩንም ያበላሻል። በቀኙ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች በቀጭን ጀሶ ይሞላሉ፤ ከላይ የሚቀሩት ሁለቱ ብረቶች ብቻ ይሆናሉ። ጀሶው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ከመሐል ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ ዳር እየቀለለ የሚሄድ ቀለም ይቀባል። ከዚያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በስሱ ይደረብበታል፤ በየመካከሉ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። መቻኮል እዚህ ላይ ብቻ ሥራውን ይገድለዋል። የባቡሩ ጎማ የውስጥ ጠርዝ ከብረቱ በታች ስለሚወርድ ቫርኒሹ ከብረቱ አናት ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ በመሆኑም ከእያንዳንዱ ቅብ በኋላ አንድ ፉርጎ በእጅ እየገፉ መሞከር ይገባል። ቫርኒሽ ሽታው ስለሚያጥወለውል መስኮት ተከፍቶ፣ ሕፃናት በሌሉበት ይቀባ። ኤሌክትሪክ የሚወስድ ባቡር ከሆነም አብሮት በሚመጣው 12 ቮልት መቀነሻ እንጂ በቀጥታ ከግድግዳ አይገናኝ።

ሥራው አልቆ በሩ ከተቀመጠ ልጅ ዓይን ጋር እኩል ከፍ ሲል ነገሩ ይለወጣል። ከላይ የሚያይ ሰው ሁለቱን ብረቶች ያያቸዋል። ዝቅ ብሎ የሚያየው ልጅ ግን ብረት አይታየውም፤ የሚያየው ውሃና ውሃው ላይ የሚሄድ ባቡር፣ ከሥሩም የባቡሩን ጥላ ነው።

ፍጥነቱ ልክ ሊኖረው ይገባል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በእኛ ስሌት በሴኮንድ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ የፊቱን ቀጥታ መንገድ ለመጨረስ አሥር ሴኮንድ ግድም ይፈጅበታል ማለት ነው። ሕፃናት ማስሮጥ ይወዳሉ። የሚሮጥ ባቡር ግን መጫወቻ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚሄደው መንገደኛ ያለበት ይመስላል።

ስለ መንገደኞቹም እንናገር። በፊልሙ ጥቁር ጥላዎች ናቸው። የእኛዎቹ ነጭ ይሁኑ፤ የሱዳን ወንድ ጀለቢያ ነጭ ነውና። ሴቶቹ ባለ ቀለም ቶብ ይልበሱ፤ ከአሮጌ ሻሽ ጫፍ የተቆረጠ ክር ይበቃል። በቁጥር 6 ጣቢያ ላይ ማንም አይቁም። በዋዲ ሐልፋ ግን ጓዛቸውን የከመሩ ሰዎች፣ የገመድ አልጋ፣ ድስት፣ ፍየል ይኑሩ። 1964ን የሚያውቅ ሰው ካየው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አያስፈልገውም።

አንዳንድ ወላጅ የኋላው ግማሽ ለምን ይደበቃል፣ ልጆቹ ባቡሩ ሲመለስ ቢያዩት አይሻልም ወይ ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለዋዲ ሐልፋ ሰዎች ባቡሩ አልተመለሰም። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣም ከተማዋን ለብዙ ዓመታት መኖሪያቸው ያደረጉ ወገኖቻችን ባቡር አልጠበቁም፤ ብዙዎች በእጃቸው የገባውን ይዘው በመተማ በኩል ገቡ። የሱዳናውያኑም ብዙዎች ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋዲ ሐልፋና ወደ ግብፅ ሄዱ። ጦሩ ካርቱምን መልሶ መያዙን በማርች 2025 ካስታወቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ የግብፅ ባቡር ወደ አገራቸው ለመመለስ የፈቀዱትን ሱዳናውያን ከካይሮ እስከ አስዋን በነፃ ማጓጓዝ ጀመረ። ከአስዋን በኋላ ያው ነው፤ ሐዲድ የለም።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው ክቡ እንዲኖር፣ ግን እንዲደበቅ ነው። የወታደር ልጅ አባቱ ሲሄድ ያያል። አባቱ የት እንዳለና በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን ማንም በሰሌዳ አይጽፍለትም። ባቡሩን የሚነዳው ሰው ከግድግዳው በስተጀርባ ይቁም፤ አባት ከሌለ እናት፣ እናት ከደከመች ታላቅ ልጅ። ባቡሩ ከኮረብታው በስተኋላ ሲገባ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያቁመው፤ ከፊት ያሉት ይጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ታናናሾቹ ከደቂቃው እኩሌታ በፊት ተነሥተው ዞረው ለማየት ይሮጣሉ፤ አይከልከሏቸው። በሁለተኛው ቀን ባቡሩ ከካርቱም ቤቶች መካከል ብቅ እስኪል ቁጭ ብለው መቁጠር ይጀምራሉ። በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ እኔ ልንዳ የሚል አይጠፋም።

የጣቢያው ሰሌዳ ከክብሪት ቀፎ ተቆርጦ፣ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ቀለም «6» ተብሎ ብቻ ይጻፍበት። ማታ ማታ አንዲት ትንሽ የባትሪ አምፖል ከሥሩ ትብራለት።

የዝውውር ትእዛዝ ሲመጣ ግድግዳው ይነቀላል፣ ድልድዩና ኮረብታው በካርቶን ይታሸጋሉ። በሩ በሁለት ፍራሾች መካከል ሆኖ፣ የውሃው ገጽ ወደ ታች እንዳይዞር ተጠንቅቆ መኪና ላይ ይጫናል። ሎኮሞቲቩን ግን ከጓዙ ጋር አያስቀምጡት፤ ከልጆቹ አንዱ በጨርቅ ጠቅልሎ በእጁ ይያዘው።